የሯጭ ስንቅ ታሪክ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የስፖርት በዓል በ5,000 ሜትር ሩጫ ለመወዳደር ተመዝግቤ ነበር። ጓደኞቼም «ሥጋ ያልበላ ሰው ጉልበት ከወዴት ያገኛል?» ብለው ገንዘብ አዋጡና ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ጥሬ ሥጋ አበሉኝ። እኔም ምክራቸውን በደስታ ተቀብዬ እስክጠግብ በላሁ። ሩጫው ተጀምሮ ስድስተኛውን ዙር እንዳለፍሁ ግን ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ፤ እግሬም እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ በመጨረሻም ከሁሉ ኋላ ደረስሁ። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ያ ቀን ነው። የጓደኞቼ ምክር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብመረምር፣ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ ሳይሆን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ አሳብ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጳውሳንያስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የጥንት ግሪክ ስፖርተኞች መጀመሪያ የሚመገቡት ትኩስ አይብ ነበር። ሥጋ እየበላ መለማመድን የጀመረው በኦሎምፒያ በረዥሙ ሩጫ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ድሮሜዎስ ነው ይላል። ሌሎች ጸሐፊዎች ይህን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ ከአይቡም ጋር ደረቅ በለስና ስንዴ ይቈጥራሉ። እኔን የሚያስገርመኝ ሥጋውን ጀመረ የተባለው ትግል ገጣሚ ሳይሆን የረዥም ርቀት ሯጭ መሆኑ ነው። በመብል ስሙ የገነነው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ትግል ገጣሚ፣ የክሮቶኑ ሚሎ ነው። ሚሎ በኦሎምፒያ 6 ጊዜ አሸንፎአል። 20 ሚና ሥጋና ያንኑ ያህል ዳቦ ይበላ ነበር ተብሎም ተጽፎለታል። አንድ ሚና ወደ ግማሽ ኪሎ ስለሚጠጋ ሥጋው ብቻ ከ8 ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው። ይህን ለማመን ይከብዳል፤ ነገር ግን ተረቱ ራሱ የሰዎቹን እምነት ያስረዳል፤ የበሬ ሥጋ የበላ የበሬ ጉልበት ያገኛል ብለው ያስቡ ነበር።

ይህን የመሰለው እምነት ሳይመረመር ብዙ ዘመን ኖረ። በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ፣ የማራቶኑ ሯጭ ቶማስ ሂክስ ሲደክም ረዳቶቹ የእንቁላል ነጭ ስትሪክኒን ከሚባል መርዝ ጋር ሰጡት፤ ብራንዲም ጨመሩለት። እርሱም ተንገዳግዶ፣ በሰው ተደግፎ አሸናፊ ሆነ።

እውነተኛው ምርመራ የተጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት ቈይቶ ነው። በ1924 በቦስተን ማራቶን ሐኪሞች ሩጫውን ከጨረሱት አንዳንዶቹን ደም መረመሩ። እጅግ የደከሙትና የተንቀጠቀጡት ሯጮች በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በጣም ወርዶ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1925፣ ሯጮቹ በዋዜማው የእህል ምግብ አብዝተው እንዲበሉ፣ በመንገድም ከረሜላ እንዲቀምሱ ተመከሩ። ስኳራቸውም ሳይወርድ፣ እነርሱም በተሻለ ጤንነት ጨረሱ። ሐኪሞቹ ከሥጋ ይልቅ ከረሜላ ማዘዛቸው ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ ሳይመስላቸው አይቀርም።

ስኳሩ በጡንቻ ውስጥ ከየት እንደሚገኝ ያሳዩት ደግሞ በ1966 ሁለት የስዊድን ሐኪሞች፣ ዮናስ ቤርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን፣ ናቸው። ሙከራውን በራሳቸው ገላ ላይ አደረጉት። በአንድ የቆመ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ነዱ፤ ሌላውን እግር አሳረፉት። ከዚያም ከጭናቸው ሥጋ በመርፌ ጥቂት ጥቂት እያወጡ መረመሩ። በሠራው እግር ውስጥ ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት አልቆ ነበር። ይህን ክምችት የጡንቻ ስንቅ ብንለው አንሳሳትም። የእህል ምግብ ሦስት ቀን ከበሉ በኋላ ግን የሠራው እግር ስንቁን ካረፈው እግር እጥፍ ያህል አድርጎ ሞላ። በ1967 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት ነዱ። ሥጋና ቅባት ብቻ በበሉ ጊዜ በአማካይ 57 ደቂቃ፣ የተቀላቀለ ምግብ በበሉ ጊዜ 114፣ የእህል ምግብ በበሉ ጊዜ 167 ደቂቃ ቆዩ። እኔ ይህን ካነበብሁ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ።

እንግሊዛዊው ሮን ሂል በ1969 በአቴና የአውሮፓ ማራቶን ይህንኑ ዘዴ ተጠቀመ። መጀመሪያ ስንቁን በረዥም ሩጫና በሥጋ ምግብ አራቆተ፤ ቀጥሎ በእህል ሞላው፤ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው መሪውን ቤልጅጋዊ ቀድሞ አሸነፈ። ያ የማራቆቱ ሥቃይ አስፈላጊ አለመሆኑን ግን በ1981 የወጣ ጥናት አስረዳ፤ ልምምድን ቀነስ አድርጎ እህልን ማብዛት ይበቃል።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ አባቶቻችን ለረዥም ጉዞ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚሰንቁት ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ይታየኛል። በ2011 ዐሥር የታወቁ የኢትዮጵያ ሯጮች የሚበሉት ተመዝኖ፣ ከሚያገኙት ኃይል ከመቶ 64 እጅ ያህሉ ከእህልና እህልን ከመሰለ ምግብ ሆኖ ተገኝቶአል።

በእርግጥ የእኔ 5,000 ሜትር የጡንቻን ስንቅ የሚጨርስ ርቀት አይደለም። የእኔ በደል ሌላ ነበር፤ ሥጋና ቅባት ከሆድ ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃሉ፤ እኔም ሆዴን ሞልቼ ለመሮጥ ወጣሁ። ዘንድሮ በዋዜማው ቂንጬና ዳቦ በላሁ፤ በውድድሩም ቀን ሦስት ሰዓት አስቀድሜ ዳቦ በሻይ ብቻ ቀምሼ አራተኛ ወጣሁ። አሎሎ ወርዋሪው ጓደኛችን ግን ምክሬን አልሰማም ብሎ ምሳውን ሥጋ በላና በእርሱ ውርወራ አንደኛ ሆነ። ሥራው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሚፈጅ ስንቅ የሚያልቅበት ጊዜ የለውም ብዬ ባስረዳው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ይስቅብኛል።