የዴልሂ ውኃና የጉበት በሽታ መልክ መለወጥ

የአንድ ከተማ የውኃ ሥራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቧንቧው ርዝመትና በማጣሪያው ስፋት ነው። የሕንዷ ዴልሂ ከያሙና ወንዝ የምትጠጣው ውኃ ታሪክ ግን በሐኪሞች መዝገብም ተጽፎ ይገኛል።

ዴልሂ ውኃዋን የምትስበው ዋዚራባድ ከተባለ ስፍራ ሲሆን፣ የናጃፍጋር የፍሳሽ ቦይ ወንዙን የሚቀላቀለው ከመሳቢያው ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከደረሰው ጐርፍ በኋላ ወንዙ መሥመሩን ስለ ቀየረ፣ በኅዳር ወር ለአንድ ሳምንት ያህል ፍሳሹ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ ወደ መሳቢያው ተመለሰ። የጣቢያው ሠራተኞች አደጋውን ተረድተው የክሎሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ። የታይፎይድና የተቅማጥ በሽታ ይህን ያህል ስላልጨመረ ጥንቃቄው የተሳካ መሰለ።

ሆኖም ከሳምንታት በኋላ በከተማው የወፍ በሽታ ገባ። ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ የሆነ 29,300 ያህል ሕመምተኞች ተቈጠሩ፤ ምልክቱ ያልታየባቸው ሲጨመሩ የተያዙት ከ97,000 በላይ እንደሚሆኑ ተገመተ። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ሲገታ ቫይረሱ ግን አልፎ ነበር። በፍሳሽ ውስጥ ያለው አሞኒያ ከክሎሪን ጋር ሲዋሐድ የመግደል ኀይሉን ያዳክመዋል፤ ድፍርሱም ለቫይረሱ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

በጊዜው በሽታው የተለመደው ተላላፊ የጉበት ብግነት፣ ዛሬ ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው፣ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሕንዳውያን በዚህ ቫይረስ የሚያዙት አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት ሆኖ ሳለ፣ በዴልሂ በብዛት የታመሙት ጐልማሶች ነበሩ። በ1978 በካሽሚር ሸለቆ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ሲነሣ ዶክተር መሐመድ ሱልጣን ኩሩ እርጉዝ ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ አስተዋሉ። በ1980 ከዴልሂ ሕመምተኞች ተወስዶ የቆየው ሴረም ሲመረመር የሄፓታይተስ ኤ ምልክት አልተገኘበትም። በ1983 የሶቪየቱ ተመራማሪ ሚካኤል ባላያን ከሕመምተኞች ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሳቸው ጠጥተው ከታመሙ በኋላ አዲሱ ቫይረስ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ስሙም በኋላ ሄፓታይተስ ኢ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የበሽታው መልክ ራሱ ተለውጧል። በሕንድ ከተሞች ኑሮና ንጽሕና የተሻሻለላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በሄፓታይተስ ኤ ሳይያዙ ያድጋሉ። ሕፃኑን በቀላሉ የሚያልፈው ይኸው በሽታ ግን ጐልማሳውን አጥብቆ ስለሚጥል፣ ግማሽ መንገድ የሄደ የንጽሕና ሥራ ለጊዜው የሕመሙን ክብደት ወደ ወጣቱ ያሸጋግረዋል። በደምና ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ሄፓታይተስ ቢ ለመግታት ክትባቱ በ2011 በአገሪቱ በሙሉ ተዳረሰ። ሄፓታይተስ ኢ ግን ዛሬም የሚጠብቀው የቧንቧውን ስንጥቅ ነው። ከዴልሂ 60 ዓመት በኋላ፣ ከ2015 እስከ 2016 በነበረው ክረምት፣ የሺምላ ከተማ ከአሽዋኒ ኻድ የምትስበው ውኃ ከፍሳሽ ማጣሪያ በወጣ ቈሻሻ ተበክሎ ያው በሽታ ተነሣ።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ከ1988 እስከ 1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል፣ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ ታይቷል።

እንግዲህ የዋዚራባድ ትምህርት ግልጽ ነው። ክሎሪን የመጨረሻው አጥር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው አጥር መሐንዲሱ መሳቢያውን በካርታ ላይ የሚተክልበት ነጥብ ነው፤ እርሱም የሚመረጠው ወንዙ ዛሬ በሚፈስበት መሥመር ብቻ ሳይሆን ከጐርፍ በኋላ ሊይዝ በሚችለውም መሥመር ታስቦ ሊሆን ይገባል።