ቁልቁለት የሚያሽከረክረው ባቡር

በሴንት ፖል ካቴድራል ግርጌ፣ ሰልቢ ጎዳና ወደ መሃል ከተማ በሚወርድበት አካባቢ፣ የተደፈነ የዋሻ አፍ አለ። ከክሪስታልም ሆነ ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ ካቴድራሉን ሊያይ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ልብ ሳይለው ያልፋል። ዋሻው ግን ሰው ከአቀበት ጋር ያደረገው የረጅም ጊዜ ትግል ማስታወሻ ነው።

ትግሉ የተጀመረው ከሚኒሶታ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 በፔንስልቬንያ፣ ሞክ ቸንክ በተባለ ስፍራ፣ ከተራራ ላይ የድንጋይ ከሰል ማውጫ እስከ ሊሃይ ወንዝ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ። ሎኮሞቲቭ አልነበረውም። ከሰል የጫኑት ፉርጎዎች በገዛ ክብደታቸው ቁልቁል ይንደረደራሉ፤ ፍሬን የያዘው ሠራተኛ ፍጥነታቸውን ይገታል። በቅሎዎችም በፉርጎ ተጭነው አብረው ይወርዳሉ፤ ከሰሉ ከተራገፈ በኋላ ባዶዎቹን ፉርጎዎች ሽቅብ የሚጎትቱት እነሱ ናቸውና። መውረጃው ነጻ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ሲወጣ ነው።

ሴንት ፖልም ይህንኑ ዋጋ መክፈል ነበረባት። የሰልቢ ኮረብታ በየ100 ሜትሩ 16 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ለፈረስ የሚሞከር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1888 በእንፋሎት ሞተር የሚዞር የብረት ገመድ ከመንገዱ ሥር ተዘርግቶ የጎዳና ባቡሮችን ይጎትት ጀመር። ሥራ በጀመረበት በዚያው ወር አንድ ባቡር ከገመዱ አምልጦ ቁልቁል ተንደረደረ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ስበት ሲታዘዝ አገልጋይ ነው፤ ሲያመልጥ ግን ማንንም አይሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1898 መስመሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የባቡሩ ሞተር ብቻውን ዳገቱን አልቻለም። መሐንዲሶቹ መላውን ከዚያው ከስበት አገኙት። ከባድ ሚዛን በገመድ ታስሮ ባቡሩ ሲወጣ እሱ ይወርዳል፣ ባቡሩ ሲወርድ እሱ ይወጣል፤ የአንዱ መውረድ ለሌላው መውጫ ጉልበት ይሆናል። ውኃ ከጉድጓድ በመዘውር የቀዳ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ግን 450 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ኮረብታውን ሰንጥቆ ዳገቱን አለዘበው፤ ሚዛኑም ሥራ ፈታ። የዋሻው ተራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ የመስመሩን ቦታ አውቶቡስ ወሰደው። በዓመቱ በሰኔ በሁለቱ ከተሞች የጎዳና ባቡር ጨርሶ ቆመ። አዳዲሶቹ ባቡሮች ለኒውአርክ፣ ለክሊቭላንድና ለሜክሲኮ ሲቲ ተሸጡ፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ብረታቸው ለቁርጥራጭ እንዲሸጥ በእሳት ጋዩ።

ከእሳቱ ካመለጡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1908 የተሠራው ቁጥር 1300 ነው። ያዳኑት የባቡር ወዳጆች ናቸው። ዛሬ በሚኒያፖሊስ ሃሪየት ሐይቅ አጠገብ፣ በቀረችው አጭር ሐዲድ ላይ፣ በበጎ ፈቃደኞች እየተነዳ ሰው ይጭናል። ዕድሉ ከዋሻው የተሻለ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዋሻው ተደፍኖ ቀረ፣ ባቡሩ ግን የሚነዳው፣ የሚጠግነውና ለተተኪ የሚያስተምረው ሰው አለው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ለአንድ ሰፈር ስም አወጣለት፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ለገሃር ሆኖ ቀረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ መነሻው ከከተማዋ ዳር ሆነ፤ ለገሃር ግን ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ነው። ሕንጻ ማቆየት ይቻላል፤ ፉጨቱን የሚያውቅ፣ ፍሬኑን የሚይዝ፣ ቦይለሩን የሚጠግን እጅ ግን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። ለእሱ ተተኪ ካልተገኘ የሚቀረው ግድግዳ ብቻ ነው።

ዛሬ የሚኒያፖሊስን ቀላል ባቡር በክሪስታል አሳልፎ እስከ ብሩክሊን ፓርክ ለማድረስ ታቅዷል። ከተማዋ በእሳት ያጠፋችውን በሌላ መልክ፣ በብዙ ወጪ፣ እንደገና ልትዘረጋ ነው። ሞክ ቸንክ ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ መውረዱ በነጻ ነው፣ መውጣቱ ግን ያስከፍላል።