ሐምራዊዋ ሽቦ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ስጀምር ማሽን ጠፋ ከተባለ ጠፋ ነው። 1980ዎቹ እየተገባደዱ ነበር፤ በእጃችን የሚገቡት ባለ 386 እና ባለ 486 ናቸው። ማብሪያቸውን ስትጫነው ቋ ብሎ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ይቆርጠዋል። ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አራት ወፍራም ሽቦዎች ከፓወር ሰፕላዩ ተነስተው ፊት ለፊት እስካለው ቁልፍ ይዘልቃሉ። ሶኬት ሳይነቅል እዚያ እጁን የከተተ ተለማማጅ ሁለተኛ አይደግመውም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወድላቸው ጀርባቸውን ነው። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ሁለት አፍ ነበረው፤ በአንዱ መብራት ይገባል፣ በሌላው ለሞኒተሩ ይወጣል። ዋናው ሲጠፋ ሞኒተሩም አብሮት ይጨልማል፤ ኪቦርዱም እንዲሁ። ማውሱማ የዚያን ጊዜው ሆዱ ውስጥ ኳስ የሚያንከባልል ነው፤ መብራት ይኑረው አይኑረው አይታወቅበትም። ዊንዶውስ 95 ከመጣም በኋላ እነዚህ ማሽኖች ራሳቸውን አያጠፉም ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው በጥቁር ስክሪን ላይ አሁን ማጥፋት ትችላለህ የሚል ብርቱካናማ ጽሑፍ ያወጡና ባለቤቱን ይጠብቃሉ። የመጨረሻው እጅ የሰው ነበር።

ይህን የለወጠው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ደረጃ ነው። በኤቲኤክስ ፊት ለፊት ያለው ቁልፍ 220ውን ጨርሶ አይነካም፤ ለማዘርቦርዱ ምልክት ብቻ ይልካል። ምልክቱን የሚቀበል አንድ ክፍል ታዲያ መንቃት አለበት። ስለዚህ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ በሐምራዊ ሽቦ 5 ቮልት ቀንና ሌሊት ይመጣል። ሁሉም ሲተኛ ይህች መስመር የሌሊት ዘበኛ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኢንቴልና አይቢኤም የጠፋ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ኬብል ከሩቅ የሚቀሰቅሱበትን ዘዴ አስተዋወቁ። መቶ ማሽን ለሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ግሩም ነው። ሲቀላ ላይ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፎቶ ኮፒ ለሚተዳደር ጽሕፈት ቤት ግን ማን ከየት ሆኖ ሊቀሰቅሰው?

ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ብቅ ሲል እሱም የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። የማዘርቦርድ ሠሪዎች ትንሽ ጃምፐር አስቀመጡ፤ በአንድ በኩል ከሰካኸው ዩኤስቢው ከማሽኑ ጋር ይጠፋል፣ በሌላው ከሐምራዊዋ ሽቦ ይጠጣል። ለእኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ በሁለተኛው ተሰክተው ነው የሚመጡት። ከሥር ቀይ የሚያበራው ማውስ ከተማችን እስኪገባ ድረስ ግን ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ከሌላው የከተማችን ሰፈር ከሴቻ የመጣች አንዲት ጸሐፊ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼው ማውሱ አልጠፋም ብሎ እምቢ አለኝ፤ ቫይረስ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ያኔ በአማርኛ መጻፊያው በፓወር ግዕዝ ከሚጽፉት ጀምሮ ሁሉም ብልሽቱን በቫይረስ ያሳብብ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ጃምፐሩን ባዛውርላት ማውሱ ጠፋ፤ እሷ ግን ቫይረሱን በጣቴ የያዝኩት ሳይመስላት አልቀረም።

አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ በማውስ መብራት አላበቃም። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም ደንገዝ ብሎ፣ ዘሎ፣ ተመልሶ ነው የሚረጋው። እየሠራህበት ያለውን ማሽን ቶሎ ትነቅለዋለህ። ተዘግቶ ሶኬት ላይ ያደረውን ግን የሚነቅለው የለም፤ ሱቁ ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል፣ ግርፊያውን የምትቀበለው ያቺው የ5 ቮልት ሰርኪዩት ናት። እረፍት ስለሌላት ካፓሲተሯም ቀድሞ ይደርቃል። የጫሞ ሐይቅ ዳር ሙቀት ሲጨመርበት አስቡት! ከጨንቻ ብርድ የሚወርዱልኝ ማሽኖች ዝገት ይበዛባቸዋል፤ የቆላዎቹ ካፓሲተራቸው አብጦ ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት ጥራት የሌለው ካፓሲተር ዓለምን አጥለቅልቆ ስለነበር፣ የኛ ጥገና ቤቶች ያን ጊዜ ሥራ አላጡም።

በ2001 አገሪቱ በፈረቃ መብራት ስታድር፣ በግንቦት 2011 ደግሞ የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ጎድሎ ፈረቃው ሲመለስ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደረደሩት ፓወር ሰፕላዮች «ማታ ደኅና ነበር፣ ጠዋት አልነሳ አለ» የሚባሉ ነበሩ። በቴስተር መጀመሪያ የምለካው ሐምራዊዋን ነው፤ 5 ቮልት ከሌለ ሌላውን መፈለግ ድካም ነው።

ፍርዴ ግን አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ልጨምር። የተዘጋ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ላይ ሞባይል ሰክቶ የሚያሳድር ስንት ተማሪ አለ፤ ለእሱ ማሽኑ ተዘግቶም መብራት መስጠቱ ጸጋ ነው። አውሮፓውያን ግን ሥራ ላይ ያልሆነ ዕቃ የሚበላውን ዋት ደምረው ተቆጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕግ አውጥተው ከ2010 ጀምሮ በ1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ በግማሽ ዋት ገደቡት። ባዮስ ውስጥ ኢአርፒ የሚል መስመር የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ብታበሩት በብዙ ማሽን ላይ ከመዘጋት በኋላ ዩኤስቢው አብሮ ይጠፋል። ኢአርፒ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው፤ ገብቶ የሚያየውም ጥቂት ነው። የራሳቸው አዳፕተር ያላቸውን ፕሪንተር፣ ስፒከርና ሃርድ ዲስክ ደግሞ ኢአርፒም አይነካቸውም፤ ግድግዳ ላይ ተሰክተዋልና።

ስለዚህ ሴቻም ሲቀላም ያላችሁ ባለ ሱቆች፣ ማታ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ዝጉት፤ ስክሪኑ ጨልሞ ፋኑ ሲቆም ዲቫይደሩን አጥፉ። ዲቫይደር ስትገዙም ጥቂት ብር አትቆጥቡ፤ ማብሪያ ያለውን ግዙ።