ቁራችን መቼ «ተገኘ»?

በደጎሎና በመካነ ሰላም ደጋ ቁራን የማያውቅ ልጅ የለም፤ መንቁሩ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። የወፍ መጻሕፍት ግን ይህ ወፍ ስም ያገኘው በ1836 እ.ኤ.አ. ነው ይሉናል! ከዚያ በፊትማ ስም አልነበረውም ለካ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘለቀ። ወፎቻችንን ሰብስቦ አገሩ ወሰደ፤ ቁራውን በላቲን «ወፍራም መንቁር» አለው። አንገቷ ነጭ የሆነውን ርግባችንንም በዓመቱ ሰየማት። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ሥራውን ሠርቷል።

እኔን የሚቆጨኝ የኛው ነው። ልከውት የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» የሚል፣ የኖኅን መርከብ ያልረሳ ሕዝብ እኮ ነን! ፊደል የቆጠርነው ግን ቁራ፣ ርግብ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ ብለን እናቆማለን፤ የቀረው ሁሉ «ወፍ» ነው። የሳይንት እረኛ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ስንቶቻችን ጠይቀናል?