ለውጭ ጉዞ ማመልከቻ ታማኝ አጋዥ ሲፈለግ

በሰሜን ሸዋ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዓለም ከተማ በሙከጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ አቋርጦ ለሚጓዝ ሰው ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኤምባሲዎችም ሆኑ አብዛኞቹ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልኩ ኤጀንሲዎች የሚገኙት በመዲናዋ ነው። በመሆኑም ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ የሚያመለክት ነዋሪ ርቀቱንና የቅጹን ቋንቋ የሚያቃልልለት ሰው መፈለጉ አይቀርም። አጋዡ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም ደላላ ሊሆን ይችላል። ለሰው ቅጽ መሙላት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አጋዡ የአመልካቹን ሰነድና ቁጥር በእጁ ሲያስቀር ነው።

በዚህ ረገድ በሕዝቡ ዘንድ «ዲቪ» እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ ዋነኛ ማሳያ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተ ሲሆን፣ ቀድሞ በፖስታ ይላክ የነበረው ማመልከቻ ከዲቪ 2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ እንዲቀርብ ተደርጓል። ምዝገባው ሲጠናቀቅ ለአመልካቹ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል። ዕጣው የደረሰው መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠውም ይህንኑ ቁጥር፣ ስሙንና የትውልድ ዓመቱን በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ነው። ቁጥሩን መዝጋቢው ካስቀረው ግን የባለ ዕድሉን ዕጣ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ቁጥሩን ለመስጠት ከፍተኛ ገንዘብ መጠየቅ፣ አልፎ ተርፎም አመልካቹ የማያውቀውን ሰው የትዳር ጓደኛ አድርጎ ማስገባት ከዚህ የሚመነጩ የታወቁ ማጭበርበሪያዎች ናቸው። እስከ ዲቪ 2026 ድረስ ምዝገባው በነፃ ይካሄድ ስለነበር በመንግሥት ክፍያ ስም ይሰበሰብ የነበረው ገንዘብ መሠረት አልነበረውም። ምዝገባ መከፈቱንም ቢሆን ከደላላ ሳይሆን ከዚሁ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይገባል።

የሐሰት መረጃ ዕዳ የሚወድቀው በአመልካቹ ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ መሠረታዊ የሐሰት መረጃ ያቀረበ ሰው ወደ ሀገሪቱ እንዳይገባ በዘላቂነት ሊታገድ ይችላል። በዲቪ ማመልከቻ ላይ የትዳር ጓደኛን ወይም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅን አለማስመዝገብም ዕጣውን ያሳጣል። ደላላው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ቅጽ ይሞላል።

ጉዳዩ የቀበሌና የወረዳ ሠራተኞችን በቀጥታ ይመለከታል። በ2004 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የክብር መዝገብ ሹም ነው። ያልተፈጸመ ጋብቻ ተፈጽሟል ብሎ የሚመዘግብ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ዕድሜ ከፍ የሚያደርግ ሹም «ለወገን ተባበርኩ» ሊል ይችላል፤ የሠራው ግን የደላላውን ሥራ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ጉዞው ባልተጀመረ ነበር።

ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱትን በተመለከተ መለያው ይበልጥ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ኤጀንሲዎች ፈቃድ እንዲኖራቸው ያስገድዳሉ። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት የምስክር ወረቀት ያሉትን ነው። «የቪዛ ክፈይና ላስገባሽ» ወይም «በጉብኝት ቪዛ ሂጂ፣ ሥራው እዚያ ይገኛል» የሚል ሰው ሕጋዊ ኤጀንሲ ወክሎ እየሠራ ሊሆን አይችልም። ፈቃዱ በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲጣራ መጠየቅ ይቻላል።

በውጭ ያሉ ዘመዶች አማካሪ ሲቀጥሩም የሚጣራበት መዝገብ አለ። በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ይመዘገባሉ፤ በአሜሪካ ደግሞ ሰውን በኢሚግሬሽን ጉዳይ መወከል የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ነው። ስሙ በመዝገብ የማይገኝ፣ ይልቁንም «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል አማካሪ ያቀረበው ዋስትና የለም።

ለባለጉዳይ ምክር የሚሰጥ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ የተሞላው ቅጽ ቅጂና ዋናው የምስክር ወረቀት አሁን በማን እጅ እንዳለ ነው። በደላላው እጅ ከሆነ ባለጉዳዩ ሌላ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቁጥሩንና ሰነዶቹን እንዲያስመልስ፣ እምቢ ከተባለም ለፖሊስ እንዲያመለክት መንገር ያስፈልጋል።