ከጂሬን ወደ ሕርማታ

በአገራችን የፈረስ ስም የጌትነት ምልክት ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። የእነሱ ግን ከአልጋ ስማቸው ጎን የቆመ መጠሪያ ነው። የጅማውን ንጉሥ ቱሉ ብሎ የሚያስታውሰው ማነው? አባ ጅፋር ብቻ ሆኖ ቀረ። አገሩማ ስሙን የወሰደው ቀደም ሲል በ1830 ገደማ ከነገሠው ከመጀመሪያው አባ ጅፋር ነው፤ ዛሬም አንዳንድ አዛውንት «ጅማ አባ ጅፋር» እንጂ ጅማ ብቻ አይሉም። (የዓመቱን ቁጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጽፍ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ሁለተኛው አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ነገሠ። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጂሬን ኮረብታ ላይ ነው። መንገዱ አቀበት፣ አፈሩ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ ባህር ዛፍና እንሰት ነው። ሕንፃው የእንጨት ደርብ ነው፤ ሰፊ ሰገነቱ፣ የተጠረበው ድጋፉ፣ ወደ ውጭ የተዘረጋው ጣራው ዓይን ይይዛል። መስጊዱም እዚያው ግቢ አጠገብ ነው። ሰገነቱ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ከተማው በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ታየኝ። ንጉሡም ከዚህ ሆኖ ገበያውን ያይ ነበር ማለት ነው።

አስጎብኚው ጥሩ ተናጋሪ ነበር። የንጉሡን ቁመት ነገረኝ፤ እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ በር ሁሉ ያስጎነብሰው ነበር። የእናቱን የጉሚቲን ብልህነትም ነገረኝ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ «አትዋጋ፣ ገብር» ብላ ልጇን የመከረችው እሷ ናት ይባላል። በ1882 ገበረ። የዚህ ውሳኔ ዋጋ የሚገባን ጎረቤቶቹን ስናይ ነው። ወላይታ በ1894፣ ካፋ በ1897 በጦር ተወረሩ፣ ሕዝባቸውም አለቀ። ጅማ ግን ግብሩን እየከፈለ፣ ጦር ሰፍሮበት ገባር ሳይሆን፣ በራሱ ንጉሥና በራሱ ዳኛ እስከ 1932 ቆየ። ብልህ ሰው ነበር፣ አልክድም።

አስጎብኚው የዘለለው ግን አለ። በወላይታውም በካፋውም ዘመቻ የአባ ጅፋር ጦር አብሮ ዘምቷል። ከዘመቻ የሚመለስ ጦር ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም።

ሕርማታ የሐሙስ ገበያ ነው። የጅማን መንግሥት ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ በደጉ ዘመን እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ጽፏል። ዝባዱ፣ ማሩ፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ በጠገራ ብርና በአሞሌ ጨው ይለዋወጥ ነበር። ነጋዴው በኬላው ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል፤ አንዱ መንገድ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደርና ምጽዋ፣ ሌላው በሸዋ በኩል ወደ ሐረርና ዘይላ ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ ሸቀጥ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ይኸው ሕርማታ ነበር።

«የሰዎቹ መሸጫ የት ላይ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱማ ድሮ ነው» አለኝና ወደ በሩ መራኝ።

ድሮ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ያን ያህል ድሮ አይደለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ሲሆን የባርነት ጉዳይ በመግቢያው በር ላይ የቆመ ጥያቄ ነበር። በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ዳር የደረሰው ሕግ ደግሞ በ1942 ታወጀ። ጂሬን ላይ ስለ ንጉሡ ጥበብ ሲነገር ይህ ለምን እንደሚዘለል ይገባኛል፤ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ዲፕሎማሲው ግን ግብር ያስፈልገው ነበር፤ ግብሩም ከገበያው ነበር የሚገኘው። አንዱን ብቻ ነጥሎ መተረክ ታሪኩን ከወገቡ መቁረጥ ነው።

የታችኛው ጅማ ሌላ መልክ አለው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ስላደረገው ፈረንጅ አራዳን የመሰለ ሰፈር ትቶ ሄዷል። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። በየመንገዱ ዳር ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ ይሸጣል፤ አናጢው ሚስማር የሚባል ነገር አያውቅም። ምግብ ቤት ገብቼ ጨጨብሳ በማር አዘዝኩ። ማሩ የጫካ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮን ጨመቅ የሚያደርግ። ከዚያ ቀሪቦ ቀረበልኝ፤ ከተቆላ ገብስ የሚጠመቅ፣ አልኮል የማይጠጣው የጅማ ሰው በበዓልና በሠርግ የማይለየው መጠጥ ነው። ጠላ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ይለሰልስበታል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ግን ይስማማል።

ወደ አጋሮ የሄድኩት ለቡናው ነው። አጋሮ የጥንቱ የጎማ መንግሥት አገር ነው፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ጮጬም እዚሁ ነው ይላሉ። ካፋዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ የእነሱ ማኪራ አለቻቸዋ! እኔ በዚህ ሙግት አልገባም። የፍየል እረኛው ተረት ግን በ1671 ሮም ላይ በፋውስቶ ናይሮኒ መጽሐፍ ሲታተም እረኛው ካልዲ የሚል ስም እንኳ እንዳልነበረው መናገር አለብኝ።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን የርካሽ ቡና መታወቂያ ሆኖ ኖረ። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፤ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ እየተለቀመ፣ መሬት ላይ እየተሰጣ ጣዕሙ ስለሚበላሽ ነው። ቀዩን ብቻ ለቅመው ማጠብ ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ፤ የአጋሮው ዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ያው አፈር፣ ያው ጥላ ዛፍ! ዛፉ ራሱ የተረፈውም በጥረት ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ከጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው እየመረጠ ማሰራጨት ያዘ።

አጋሮ ውስጥ አንዲት አዛውንት ቤት ቡና ቀላ ቀረበልኝ። ቃሉ በኦሮምኛ ቡና ማረድ እንደማለት ነው፤ ፍሬው ከነቅርፊቱ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፣ ይመረቅበታል፣ ይበላል። ከዚያ ጀበናው መጣ። አዴ እያልኩ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅኋቸው። በአባታቸው በኩል የጎማ ሰው ናቸው፤ ሰባት ትውልድ ቆጠሩልኝ። «በእናትዎስ በኩል?» አልኳቸው።

«አያቴ ከጎጀብ ማዶ ነው የመጣችው» አሉኝ።

እንዴት እንደመጣች አልነገሩኝም። ልጃቸው እናቱን አየት አደረጋቸውና ዓይኑን ወደ ከሰሉ መለሰ። እሳቸው ግን ስኒዬን ተቀብለው ቶናውን እየቀዱ፣ «ስሟን ቀይረውባት ነበር፤ የድሮውን ለእናቴ በጆሮዋ ነግራታለች» አሉ። ስሙ ማን እንደነበር ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ስኳር ልጨምር ወይስ ጨው አሉኝ።