ከባጋስ እሳት እስከ ካርቦን ሒሳብ፦ የስኳር ፋብሪካዎቻችን የነዳጅ ታሪክ

ከመቻራ ተነሥቶ በገለምሶና በበዴሳ በኩል አሰበ ተፈሪ ደርሶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ አዋሽን ካለፈ በኋላ የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ማሳና የፋብሪካውን ጭስ ያያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመቻራ ልጅ እንደመሆኑ በተማሪነቱ ዘመን ያን ጭስ የብክለት ምልክት ብቻ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ከሙያው ጋር ከተዋወቀ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣበት፤ ጭሱ ከአገዳ የወጣ ነው ወይስ ከባሕር ማዶ ከተገዛ ነዳጅ? የካርቦን ሒሳብ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ዘመናዊው የስኳር ኢንዱስትሪያችን የተጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ጊዜ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወንጂ ሸዋ፣ በ1962 ዓ.ም. የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉት። በ1967 ዓ.ም. ሁሉም ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ።

እነዚህ ፋብሪካዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ ዋና ማገዶአቸው ባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው የአገዳ ተረፍ ነበር። ከ100 ኩንታል አገዳ 30 ኩንታል ያህል ባጋስ ይገኛል፤ ግማሹ ውኃ ነው። ይህን ያነደደ ቦይለር እስከ 60 ኩንታል እንፋሎት ያመነጫል፤ ፋብሪካው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከ50 ኩንታል ብዙ የማይበልጥ ነው። ከባጋስ የሚወጣው ካርቦን አገዳው በእድገቱ ጊዜ ከአየር የሳበው ስለሆነ፣ ተተክቶ የሚበቅለው አገዳ መልሶ ይስበዋል።

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ለአየር ንብረት ታስቦ የተደረገ አልነበረም። ባጋስ በነጻ የሚገኝ ማገዶ ነበር፤ ካልነደደም እየተከመረ ቦታ ይይዛል። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረበትና በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ሥራ ባቆሙበት ጊዜ፣ የራስን ማገዶ የመጠቀም ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ትርፍ ኤሌክትሪክ ገዢ ባልነበረው ዘመን ግን እንፋሎትን መቈጠብ ለፋብሪካ ትርጉም አልነበረውም። በስኳር ኢንዱስትሪ ዘንድ የቆየው ልማድም ባጋሱ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቦይለሩን በዝቅተኛ ግፊት መሥራት ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ በሞላሰስ በኩል መጣ። በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል አመረተ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. መተሐራም ኢታኖል ወደ ማምረት ገባ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የኢታኖል ሙቀት ግን የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ሊትር ኢታኖል የሚገኘው ቁጠባ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ለማጣሪያው የዋለው ኃይልም ከዚህ ይቀነሳል።

በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከታወጀ ወዲህ የካርቦን ቅነሳ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። እዚህ ላይ መሐንዲስ መጠንቀቅ አለበት። ከመቁረጥ በፊት የሚቃጠለው የአገዳ ማሳ፣ ቦይለር ለማስነሣት የሚነደው ከባድ ዘይት፣ የትራክተሩ ናፍጣና የዩሪያ ማዳበሪያው በሒሳቡ ካልገቡ፣ በባጋስ የምንኮራበት ቁጠባ ግማሽ እውነት ይሆናል። የባጋስ ኤሌክትሪክም አብዛኛው ኃይሉ ከውኃ በሚመነጭ አገር የሚተካው ነዳጅ ጥቂት ነው። ዋና ጥቅሙ አገዳ የሚፈጨው በአብዛኛው በበጋ፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ወራት መሆኑ ነው።

በመቻራ አካባቢ የሐረርጌ ቡና እስከ ዛሬ በፀሐይ ይደርቃል። ገበሬው ለማድረቂያ ነዳጅ አላነደደም፤ ይህን የሚመሰክርለት መዝገብ ግን የለውም። ፋብሪካ መዝገብ አለው። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ሦስት ቍጥሮችን በየዓመቱ በሐቅ እንድንይዝ ነው፤ ለአንድ ኩንታል ስኳር የነደደውን ዘይት፣ ለአንድ ኩንታል አገዳ የዋለውን እንፋሎት፣ በዓመቱ የተቃጠለውን ማሳ በሄክታር። አባቶቻችን በችግር ምክንያት የጀመሩትን ቁጠባ እኛ በልኬት ካላስረዳነው፣ ነገ ሌላው ቢጠራጠረን ልንፈርድበት አንችልም።